«አቦ ተወው» ከመባሉ በፊት

የድሬዳዋ ሰው ቂም አይዝም ይባላል። ሽምግልና ለምንቀመጥ ሰዎች ይህ አባባል ግማሹ እውነት ነው። ሁለት ጎረቤት ይጣላል፣ አንዱ «አቦ ተወው» ይላል፣ ይስቃሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ። ከአራት ዓመት በኋላ በአጥር ወይም በልጅ ጠብ ሰበብ ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ፣ አጥሩ ገና ሳይነሳ ያ «ተወው» የተባለው ነገር መጀመሪያ ይወጣል። ስንቆፍር ብዙ ጊዜ የምናገኘው አንድ ነው፦ ይቅርታው ተጠይቋል፣ ካሳውም ተሰጥቷል፣ ያጠፋው ሰው ግን ምን እንዳደረገ በአፉ አላለውም።

ስለዚህ ይህን የጻፍነው ጥፋትን ማመንን ብቻ ለይተን ነው። የሚጠቅመው ጥፋቱን ሊያምን ለተዘጋጀ ሰው፣ እንዲሁም በሰፈር፣ በእድርና በቤተሰብ መካከል ለሚያስታርቅ ነው።

ማመን ማለት «ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ፤ ያደረግሁትም አንተ ላይ ነው» ማለት ነው። ይቅርታ ልመና ነው፣ መልሱም በተበዳዩ እጅ ነው። ካሳ ደግሞ ገንዘብ ወይም ዕቃ ነው። ሽማግሌ ስለ ሌላ ሰው ይቅርታ ሊለምን ይችላል፤ ወንድም ለወንድሙ ካሳ ሊከፍል ይችላል። ማመን ግን በውክልና አይሆንም። አባት «ልጄ አጥፍቷል» ቢል አባትየው አወቀ እንጂ ልጁ አላመነም። እኛ ስንሸመግል ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አጥፊው አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ሽማግሌው ስለ እሱ ያወራል፣ ተበዳይም የሽማግሌውን ሽበት አይቶ «እሺ» ይላል።

አንድ ግቢ እንውሰድ። ስድስት ቤት አለ፣ የውሃ ቆጣሪው አንድ ነው። በየወሩ ከየቤቱ 150 ብር ይሰበሰባል። አንድ ወር የተሰበሰበው 900 ብር ጠፋና ሰብሳቢዋ «ከቤቴ ስትወጣ አይቻታለሁ» ብላ የአንዲት ተከራይ ስም ጠራች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ብሩ ከራሷ ፍራሽ ሥር ተገኘ። ሰብሳቢዋ አንድ ኪሎ ስኳር ይዛ ማታ ተከራይዋ በር ላይ ቆመች፦ «እህቴ፣ ብሩ ተገኘ እኮ። እንግዲህ ካስቀየምኩሽ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሰይጣን ነው ያሳሳተኝ፣ ደግሞም አንቺም ያን ቀን ዝም ማለትሽ አጠራጠረኝ።» ተከራይዋም «ኧረ ችግር የለም» ብላ ስኳሩን ተቀበለች። ከዚያ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ ሰላምታ የለም። ሰብሳቢዋ «ይቅርታ ጠይቄያት የለም እንዴ፣ ምን ትፈልጋለች?» ትላለች። እውነቷን ነው፤ አልገባትም።

ዓረፍተ ነገሯን እንፈታታው። «ካስቀየምኩሽ» ውስጥ ያለችው «ካ» ጥፋቱን ጥርጣሬ ውስጥ ትከተዋለች። ተቀይማ ከሆነ ነው እንጂ ካልተቀየመች ምንም አልተደረገም ማለት ነው። «ብሩ ተገኘ» ሲባል ብሩ ራሱ እግር አውጥቶ የመጣ ይመስላል፤ ከማን ቤት፣ ከየት ሥር ተገኘ? «ሰይጣን ነው» ስትል ባለቤቱ ሌላ ሆነ። ይህች ቃል በሙስሊሙም በክርስቲያኑም አፍ የተለመደች ናት፣ ሽማግሌም ቶሎ ይቀበላታል፤ ለተበዳይ ግን «እኔ አይደለሁም» የሚል ነው የሚሰማት። «አንቺም» የሚለው ከፊት የተባለውን ሁሉ ጠረገው። ከዚህ ሁሉ የከፋው ደግሞ ቦታውና ሰዓቱ ነው። ሌባ የተባለችው በቀን፣ ቧንቧው ሥር፣ ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ ነው። የተመለሰላት ማታ፣ በር ላይ፣ ማንም ሳይሰማ ነው። ጎረቤቱ አሁንም የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው።

ሁለተኛው ሙከራ እንዲህ ይደረጋል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ስድስቱም ቤት ውሃ በሚቀዳበት ሰዓት፣ እዚያው ቧንቧው ሥር፦

«የውሃው ብር 900 ሲጠፋ ‹እሷ ናት› ብዬ ስሟን የጠራሁት እኔ ነኝ። ስትወስድ አላየሁም። ከቤቴ ስትወጣ አይቻታለሁ ያልኩት የሌላ ቀን ነው። ብሩ ከራሴ ፍራሽ ሥር ተገኝቷል። ከኔ ወሬ በኋላ ልጆቻችሁን ወደ እሷ ቤት መላክ ትታችኋል፤ ያንን ያመጣሁባት እኔ ነኝ። እሷ ሌባ አይደለችም።»

ከዚያ ዝም። አንድ ደቂቃ አይሞላም። ማልቀስ አያስፈልግም፣ እግር ላይ መውደቅም አያስፈልግም፤ ተሽቀዳድሞ መውደቅ እንዲያውም ተበዳይን ያስጨንቃታል። የወደቀ ሰው እስኪነሳ ድረስ ሰው ሁሉ ዓይኑን እሷ ላይ ይተክላል፣ ሳትወድ «ተነሽ፣ ትቼዋለሁ» ትላለች።

ለዚህ ዝግጅት ግማሽ ገጽ ወረቀት ይበቃል። አጥፊውን ለብቻው አስቀምጠን እናስጽፈዋለን፤ መጻፍ ካልቻለ እየነገረን እንጽፍለታለን። ያደረገው ነገር በግሥ ይጻፍ፦ «ሰደብኩ»፣ «ወሰድኩ»፣ «ደበቅሁ»፣ «አልመጣሁም»። «ተፈጠረ»፣ «ሆነ»፣ «ስህተት ተከስቷል» የሚሉት ይሰረዛሉ፤ የቢሮ ደብዳቤ ቋንቋ ናቸው። ቀኑና ቦታው ይግባ። ማን እንደሰማ ይግባ፣ ምክንያቱም ማን መጠራት እንዳለበት የሚነግረን እሱ ነው። ምን እንዳስከተለ ይግባ፤ ሰው በብዛት የሚዘለው ይህንን ነው። ለተበዳይ ግን ስድቡ ራሱ አንድ ቀን ነበር፣ መዘዙ አንድ ዓመት ነው። መጨረሻ ላይ ያላደረገው ነገር ለብቻው ይጻፍ። «ብሩን አልመለስኩም፣ እውነት ነው። ሰነዱን ግን አልቀደድኩም» ማለት መብቱ ነው። ይህ ክፍል ለእኛ ለሽማግሎች እንጂ በማመኑ ንግግር ውስጥ አይገባም።

እዚህ ላይ የራሳችንን የሽማግሎችን ጥፋት እንናገር። «አንድ እንጨት ብቻውን አይነድም» ብለን ጥፋቱን እኩል ቆርሰን ለሁለቱም ማደል እንወዳለን። ሥራው ቶሎ ያልቃል፣ ማንም አይከፋም። ግን አንድ እንጨት ብቻውን የሚነድበት ጊዜ አለ፤ ቤንዚን የተደፋበት ከሆነ። የተሰደበችውን «አንቺም ትንሽ እመኚ» ማለት ሁለተኛ በደል ነው። ሁለቱም አጥፍተው ከሆነ ደግሞ ማመኑ በሁለት ቀጠሮ ይሁን። በአንድ ቀጠሮ ሲደረግ «እኔ ይህን አድርጌያለሁ፣ አንተም ያንን» ወደሚል ገበያ ይለወጣል።

ሽማግሌ ሦስት ይበቃል። አንድ አንድ ከየወገኑ፣ አንዱ ሁለቱም የሚስማሙበት። አምስት ሲሆን ወሬው ይበዛል። ከሁለቱ የአንዱ ባለዕዳ ወይም አበዳሪ የሆነ፣ ጠቡ ላይ ቆሞ ያጨበጨበ ሰው አይግባ። በሃይማኖት የተለያዩ ከሆነ መሀከለኛው ከማንም ይሁን፣ ግን መክፈቻው ላይ ሙስሊሙ በዱዓው፣ ክርስቲያኑ በጸሎቱ ይመርቅ።

ሰዓት ቀላል ነገር ይመስላል፤ በኛ አገር ግን የሥራው ግማሽ ነው። ጫት የሚቅም ሰው ከቀትር በፊት ሐራራው ይጀምረዋል፤ ይቆጣል፣ ይቸኩላል፣ ከአወዳይ ጫት የሚያመጣው መኪና ደረሰ አልደረሰ እያለ ዓይኑ በር ላይ ነው። በርጫ ላይ ምርቃናው ሲመጣ ደግሞ ሁሉንም ያምናል፣ ያልሠራውንም ጭምር። በምርቃና የታመነ ጥፋት በማግስቱ ጠዋት «እንዲህ ብያለሁ እንዴ?» ይሆናል። እኛ የምንቀጥረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ነው። በግንቦትና በሰኔ ሙቀት በቀትር ሰው ሰብስቦ ማስታረቅ ደግሞ ለማጣላት ካልሆነ አይጠቅምም። ዓርብ ለሙስሊሙ፣ እሑድ ጠዋት ለክርስቲያኑ ስለማይመች ቅዳሜ ይሻላል።

ሻይም ሆነ ሆጃ የሚባለው የአካባቢው ትኩስ መጠጥ ከማመኑ በኋላ ይቅረብ። አስቀድሞ ከቀረበ ጨዋታ ይመጣል፣ ጨዋታ ሲመጣ «አቦ ተወው» ይመጣል፣ ያኔ ወረቀቱ ኪስ ውስጥ ይቀራል። ስኳሩም፣ ካሳውም እንደዚሁ። ከማመኑ በፊት የተሰጠ ገንዘብ የአፍ መዝጊያ ነው የሚመስለው።

ቋንቋ የድሬ ሌላ ራስ ምታት ነው። አንድ ሰፈር ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ይነገራል። ስድቡ የተሰነዘረው በኦሮምኛ ከሆነ ማመኑም በኦሮምኛ ይሁን። አጥፊው ካልቻለ በራሱ ቋንቋ ይበል፣ አስተርጓሚ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ይመልስ። አስተርጓሚው ዘመድ አይሁን፤ ዘመድ ያለሰልሳል። «ዋሽቻለሁ» የተባለውን «ተሳስቻለሁ» ብሎ ሲያስተረጉም ሰምተን አስቁመናል። ሌላም አለ። እኛ አገር ትንሹም ትልቁን «አንተ» ይላል፣ ንቀት የለበትም። ሁልጊዜ «አንተ» ሲለው የኖረውን ጎረቤቱን የሽምግልናው ቀን በድንገት «እርስዎ» ካለው አክብሮት አይመስልም፣ መራቅ ነው የሚመስለው። በለመደው ይጥራው። «ወላሂ»ም ይቀነስ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንደ ነጠላ ሰረዝ ስለሚጠቀምባት፣ በበዛች ቁጥር ማመኑ ክርክር ይሆናል።

የተበዳይ ወገን ምን ይበል? እዚህ ላይ ሽማግሌ ይጨክናል። «ለሽበታችን ብለሽ»፣ «እግዜር ይወድሻል»፣ «አፉ በይው»፣ አሁኑኑ። እኛ ሦስት መልስ እንለያለን፦ «ሰምቻለሁ»፣ «ተቀብያለሁ»፣ «ይቅር ብያለሁ»። የመጀመሪያው ማለት የተባለው የሆነውን ያህል ነው፣ አልተቀነሰም ማለት ነው። በዚያ ቀን «ሰምቻለሁ» ብቻ ካለች በቂ ነው። ሁለተኛ ቀጠሮ ከ7 እስከ 15 ቀን ባለው ይያዛል። አስገድደን ያስወጣነው «ይቅር» ብዙ ጊዜ ቀፊራ ገበያ ላይ ሲገናኙ ፊት ማዞር ሆኖ ይመለሳል። የጎደለ ካለ ደግሞ ተበዳይ «ይህን አላልክም» የማለት መብት አላት፤ አጥፊው እውነት ከሆነ ይጨምር፣ ካልሆነ ሽማግሌዎቹ ለብቻ ወስደው ይጠይቁት።

ሃይማኖተኛ ሰው አንዳንዴ «እኔ ከፈጣሪዬ ጋር ጨርሻለሁ» ይላል። ክርስቲያኑ ለንስሐ አባቱ ተናግሮ፣ ወይም ቁልቢ ሄዶ ስለት አስገብቶ ሊሆን ይችላል። ሙስሊሙ ተውበት አድርጎ ሊሆን ይችላል። የሁለቱም መጽሐፍ ግን በዚህ ላይ አያስጠጋውም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ላይ መባህን በመሠዊያው ፊት ተወውና ሂድ፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ጋር ታረቅ ነው የሚለው። በእስልምናም የሰው ሐቅ ያለበት ተውበት፣ ሐቁን ለባለቤቱ ሳይመልስ ወይም አፉ ሳይባል አይሞላም። ሐጅ ከመሄዱ በፊት ቤት ለቤት እየዞረ «አፉ በሉኝ» የሚል ሰው የሚያስመሰግን ነገር ያደርጋል። ግን ያ የጅምላ ነው። በእርግጥ የበደለው ሰው ካለ እዚያ ቤት ሲደርስ ቆም ብሎ የነገሩን ስም ይጥራ።

ማመን በክፉ ሥራ ብቻ አይወሰንም፤ የሌላውን መልካም ሥራ አለማመንም ቤት ያፈርሳል። ድሬ ውስጥ ገንደ ቆሬም ይሁን ከዚራ ሰፈር፣ ወይም ሐረር ጀጎል ውስጥ፣ የውርስ ክርክር ስንሰማ ገንዘቡ ሁለተኛ የሆነበት ብዙ ነው። እናቷን ስምንት ዓመት ያስታመመች ልጅ አለች። ወንድሞቿ ከጅቡቲና ከአዲስ አበባ ለለቅሶ መጥተው በሰልስቱ ማግስት ቤቱን ለአራት እናካፍል ይላሉ። እሷ አንድ ተጨማሪ ክፍል ትጠይቃለች፣ እነሱ «ስግብግብ» ይሏታል። ሽማግሌ ክፍሉን ሲለካ ይውላል። መለካት ያለበት ሌላ ነው። ታላቅ ወንድም ዘመድ ባለበት ተነስቶ «እናታችንን ያጠብሽ፣ ያጎረስሽ፣ ማታ የተነሳሽ አንቺ ነሽ፤ እኛ ብር ልከናል፣ ብር መላክ ማስታመም አይደለም» ሲል ነገሩ ግማሽ መንገድ ይሄዳል። ክፍሉም ሆነ ድርሻው ከዚያ በኋላ በሕጉ ይታይ። ይህን ቃል ግን ለማሳነስ ዘዴ የሚያደርገው አለ፤ አመስግኖ ሊቀንስባት። ያኔ ከስድብ ይብስባታል፣ ስለዚህ ምስጋናውና ድርድሩ በአንድ ቀን አይሁኑ።

ሕግ ያለበትን እንለይ። ብድር ላይ ማመን ዋጋው ብዙ ነው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በሚደረግ ማመን ወይም መሐላ ነው። 500 ብር ዛሬ ምን ይገዛል? ሆኖም ሕጉ ያው ነው። ስለዚህ በሽማግሌ ፊት «አዎ፣ አለብኝ» የተባለ ዕዳ እዚያው ወረቀት ላይ ይውረድ፦ የሁለቱ ሙሉ ስም፣ የገንዘቡ መጠን በአኃዝና በፊደል፣ መቼ እንደተወሰደ፣ እስካሁን የተከፈለው፣ የቀረው፣ መክፈያ ቀኑ፣ የሁለት ምስክር ፊርማ። ባለዕዳው ዕዳውን ሲያምን፣ ወይም ከዕዳው ላይ የተወሰነ ሲከፍል፣ በቁጥር 1851 መሠረት የይርጋው (የክስ ማቅረቢያ ጊዜ ገደቡ) ቆጠራ ይቋረጥና እንደገና ይጀምራል። ለአበዳሪ ጥሩ ዜና ነው። ባለዕዳም ይህን አውቆ ይፈርም።

ልጅን መቀበልም ወረቀት ይፈልጋል። ድሬዳዋ የምትተዳደርበት የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ አባትነትን መቀበል በክብር መዝገብ (ልደት፣ ጋብቻና ሞት በሚመዘገብበት)፣ በኑዛዜ፣ ወይም ሥልጣን ባለው አካል በተረጋገጠ ሰነድ እንዲሆን ይጠይቃል። ሽማግሌ ፊት «ልጄ ነው» ማለት ለልጁ ልብ ይጠቅማል፣ ለመብቱ ግን አይበቃም።

በወንጀል ነገር ሽምግልና ወሰን አለው። በግል አቤቱታ ብቻ የሚያስከስሰው፣ እንደ ስድብ ያለው፣ በእርቅ ሊያልቅ ይችላል። አስገድዶ መድፈር፣ ከባድ የአካል ጉዳት፣ የሰው ሕይወት ከኛ እጅ ውጭ ነው፤ እዚያ ላይ ሽማግሌ «ቤት ውስጥ እንጨርሰው» ካለ ተበዳይዋ ትነሳና ትሂድ። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 82 መሠረት ጥፋቱን አምኖ፣ የጎዳውን ረድቶ፣ ያበላሸውን በተቻለው የጠገነ ሰው ቅጣቱ ሊቀልለት ይችላል። ከዚህ አልፎ ክሱ ይሰረዛል ብሎ ቃል የሚገባ ሽማግሌ ያታልላል።

የባጃጅ ነገር እየበዛ ስለሆነ አንድ ነገር እንጨምር። ሰው የገጨ አሽከርካሪ ሆስፒታል ሄዶ «የገጨሁህ እኔ ነኝ፣ ሳላይ ታጠፍኩ» ማለቱ ትክክል ነው። ግን ኢንሹራንስ ካለው «ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብሎ ቁጥር አይጥራ፣ አይፈርም። የመድን ውሎች ብዙውን ጊዜ ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ኃላፊነት መቀበልን ይከለክላሉ፤ ቸርነቱ ተጎጂውንም ራሱንም የመድን ክፍያውን ሊያሳጣ ይችላል። መጎብኘት፣ ምግብ ማድረስ፣ ቤተሰቡን መጠየቅ ግን ማንም አይከለክለውም።

የተበደለው ሰው ከአገር ከወጣ የድምፅ መልእክት ከጽሑፍ ይሻላል፤ ድምፅ መወላወልን አይደብቅም። ከሁለት ደቂቃ አይብለጥ፣ መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ያለው ይነበብ። መልእክቱ መከፈቱን የሚያሳየው ሰማያዊ ምልክት ታይቶ መልስ ከሌለ «አልሰማሽም እንዴ?» ተብሎ አይላክ። አንድ ጊዜ በቂ ነው። ሰውየው ሞቶ ከሆነ ለልጆቹ ይነገር፤ የለቅሶው ቀን ሳይሆን ቢያንስ ከአርባው በኋላ፣ ለአዘኑበት ሌላ ሸክም እንዳይሆን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሦስቱ ሽማግሌ አንዱ ሄዶ ይይ። የሚጠይቀው «ታረቃችሁ ወይ?» አይደለም፤ ለዚያ ሁሉም «አዎ» ይላል። ልጆች ወደ ተከራይዋ ቤት መላክ ጀመሩ ወይ? የሚቀጥለውን ወር የውሃ ብር ማን ሰበሰበ? እሱን ያያል።

ወረቀቱስ? ገንዘብ ወይም ንብረት ካለበት ሦስት ቅጂ ይሠራ፤ አንድ አንድ ለሁለቱ፣ አንድ ለመሀከለኛው ሽማግሌ። ስድብና ሐሜት ብቻ ከሆነ ግን ሁለቱም ባሉበት ይቀደድ፣ ስልክ ላይ የተነሳ ፎቶ ካለም እዚያው ይጥፋ።